ግማሽ ሹሩባ

ትንሣኤ ከሰው ጀርባ መቀመጥ ትወድ ነበር። እንጀራዋም የሚወጣው ከዚያው ነው። ካርቱም፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጎን፣ በሸራ ጥላ ሥር ሁለት በርጩማ አስቀምጣ የሴት ፀጉር ትሠራለች። ደንበኛዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ዝቅ ባለው ላይ ትቀመጣለች፤ እሷ ከፍ ባለው ላይ ሆና ከኋላ ትጎነጉናለች። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ያያል፣ ካየም ይጠይቃል። ጀርባውን የሰጠ ሰው ግን የራሱን ያወራል እንጂ የሌላውን አይጠይቅም። ብዙ ዓመት የቆየው የካርቱም ኑሮዋ እንዲህ፣ የሌላውን ጉድ እየሰማች የራሷን ሳታሰማ አለፈ።

«እጅሽ እኮ የወንድ እጅ ነው፤» ይሏት ነበር ደንበኞቿ የጣቶቿን ርዝመት እያዩ። «ሲይዝ ግን የእናት ነው።»

እሷም ትስቃለች። መሳቅ ለምዳለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሻ መጣ። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ነው፤ መኪናዎቹ መንገዱን በሁለት በኩል ይዘጉና ወረቀት የሌለውን ሁሉ ጭነው ይሄዳሉ። ሻይ ሻጮቹ ብርጭቋቸውን ጥለው ሮጡ። ትንሣኤ ግን የሰው ፀጉር በእጇ ነበርና ትታው መነሣት አልሆነላትም። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው፣ ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል። ለማሳደስ የሐኪም ምርመራ ይጠይቃሉ ሲባል ስለሰማች ነው ዛሬ ነገ እያለች የቆየችው። ከሌሎች ጋር አሳፍረው ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሴቶች እስር ቤት ወሰዷት።

እስር ቤቱ አንድ ሰፊ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን አዳራሽ፣ መካከሉ አሸዋ። ማዮ ሰፈር ውስጥ አረቄ ሲያወጡ የተያዙ ሴቶች፣ ሻይ ሻጮች፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ካሉት ትልልቅ ቤቶች ከእመቤቶቻቸው ተጣልተው የወጡ የእኛ አገር ሠራተኞች፣ ከእናታቸው ጋር የታሰሩ ሕፃናት ሳይቀሩ አንድ ላይ ይተኛሉ። ትንሣኤ ከግድግዳው ጥግ ቦታ ያዘች። ሌሎቹ ከቧንቧው ሥር ተሰልፈው ሲታጠቡ እሷ አትሄድም፤ ሰው ሲርቅላት ቀሚሷን ሳታወልቅ ከውስጥ ውሃ ታፈሳለች። ይህን ከልጅነቷ ታውቅበታለች።

የተወለደችው ጭልጋ ነው፣ በፋሲካ ሳምንት። አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው፤ ለእናትየዋም ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ሳትላት ወጣች ይባላል። ደጅ የሚጠብቁት ሴቶች፣ ለወንድ የሚበዛውን እልልታ ያሰሙ ወይስ ለሴት የሚያንሰውን፣ የሚነግራቸው አጥተው ዝም ብለው ቆሙ። አባቷ እንደ ወንድ በአርባ ቀኗ ላስጠምቅ አለ። እናቷ «እግዜር ይግለጠው» ብላ የሴቶቹን፣ ሰማንያውን ጠበቀች። ቄሱም ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ሰጧትና ነገሩ በዚህ ተሸፈነ። ቀሚስ አለበሷት፤ ቀሚሱም ልኳ ነበር። ትንሣኤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሴት መሆኗን አንድ ቀን ተጠራጥራ አታውቅም፤ ሰውነቷ ግን እንደ ሌሎች ሴቶች አልሆነም፣ እንደ ወንዶቹም አልሆነም። የመንደሩ ሰው ሹክ ሲል «ፍናፍንት» የሚለውን ቃል ትሰማ ነበር። ሊድሯት ሽማግሌ ሲቀበሉ ሌሊቱን ወደ መተማ ጠፋች። ከዚያ ገላባት፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም።

ካርቱም ላይም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን ከሴቶች መቆሚያ አልገባችም። ከበሩ ውጭ ከኒም ዛፏ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ምእመናኑ ትሕትና መሰላቸው፤ አንዳንዱም «እንደ ትንሣኤ ያለ መንፈሳዊ ሰው የለም» ይላል። ምሥጢሯን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የማርያም ጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ እትዬ ሙላቷ። አንድ ክረምት ወባ ጥሏት ራሷን ስትስት ያጠቧት እሳቸው ናቸው። አይተዋል። ካዩ በኋላ ግን አንሶላውን እስከ አንገቷ ስበው «አጥሚት ላምጣልሽ» ከማለት በቀር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በእስር ቤቱም እጇ ሥራ አልፈታም። ሚዶዋን ፈታሾች ስለወሰዱባት በጣቷና በእንጨት ስንጣሪ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዋ ደንበኛዋ ኩቺ ነበረች፤ ከኑባ ተራሮች የመጣች፣ ማዮ የምትኖር፣ ድምፅዋ ከግቢው አጥር የሚሻገር ግዙፍ ሴት። በአረቄ ነው የታሰረችው።

«ሐበሺያ፣ ቀስ በይ!» ትጮሃለች ኩቺ፣ ትንሣኤ ስትጎትታት። «ጭንቅላቴን ነቅለሽ ልትወስጂው ነው? ዳኛው እንኳ እንዲህ አልጨከነብኝም!»

«ዳኛው ቅማል አላየብሽማ።»

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ቅማሉ ግን ቀልድ አልነበረም። ቅማልና እከክ በዝቷል ተብሎ እስረኛ ሁሉ በመድኃኒት እንዲታጠብ ታዘዘ። የኩቺ ራስ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ገና ቆሞ ሳለ ጠባቂዎቹ በርሜል እያንከባለሉ ገቡ።

«ያላ፣ ያላ! ልብስ ወደዚህ! ሰልፍ!»

ትንሣኤ ወደ ኋላ ቀረች። ከአዲሶቹ ጠባቂዎች አንዷ፣ ገና ልጅ እግር፣ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «እኔ ለብቻዬ እታጠባለሁ፤ ለብቻዬ» አለች ትንሣኤ በዐረብኛ። ልጅቷ የደበቀችው ነገር ያለ መሰላትና ቀሚሷን ከታች ይዛ አነሣችው። ከዚያ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

«ራጂል!» ብላ ጮኸች። «ወንድ ነው! ወንድ እዚህ አስገብተውብናል!»

ሴቶቹ እየጮሁ ልብሳቸውን ለቀሙ። ትንሣኤ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምቃ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለች። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የኩቺን ድምፅ ለየች። «የት ትወስዷታላችሁ? ግማሽ ራሴን ማን ሊጨርስልኝ ነው?»

የእስር ቤቱ አለቃ፣ ሙዲሩ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰውዬ ነበር። ትንሣኤን ቀና ብሎም በደንብ አላያት። «ወንድ ሆነህ ቀሚስ ለብሰህ ከሴቶች መካከል ገብተሃል። ይህ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው፤» አላት። «እሑድ ጠዋት መኪናው ይመጣል። ወንድ ከወንዶች ጋር ይታሰራል። ኻላስ፣ አለቀ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ወንድ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ግን በሕይወቷ አንድም ጊዜ ከአፏ አውጥታው አታውቅምና ምላሷ ታሰረ። እሱም ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጥሮ እጁን አወዛወዘ። ምስርና ሳሙና ከሚቀመጥበት መጋዘን ከተው ቆለፉባት።

መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያዎቹ ጋር ተደግፋ ተቀመጠች። በወንዶቹ እስር ቤት ቆይተው የወጡ የእኛን አገር ወጣቶች ወሬ ሰምታለች፤ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ሲጠብቁ የተያዙ ልጆች ናቸው። ጌታሁን የሚባለው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣለት፣ እዚያ ሳለ ጀርባውን ከግድግዳ ለጥፎ ቁጭ እንዳለ ነበር የሚያነጋው። ለምን ብላ ስትጠይቀው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጌታሁን ሱሪ የለበሰ ወንድ ነው። እሷ ጡት ያላት፣ ቀሚስ የለበሰች፣ «ወንድ ነው» ተብላ የምትገባዋስ? ሐሳቡን እስከ ዳር ሳታደርሰው ተወችው። መፍራትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል። ከአዋላጇ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲገልጣትና ሲሸፍናት ኖሯል።

ዓርብ የጥየቃ ቀን ነው። በተራ ለታሰሩት ምግብ መውሰድ የማኅበሩ ልማድ ነበርና እትዬ ሙላቷ በጾም ወጥ የተሞላ ሰሃን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ዐረብኛቸው የገበያ ስለሆነ ናርዶስን አስከትለዋል። ናርዶስ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት፤ አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ አንቱታም አይሆንላትም። በመጋዘኑ መስኮት ሽቦ በኩል ሦስቱ ተያዩ።

«አይዞሽ አንቺ ልጅ፤» አሉ እትዬ ሙላቷ ላባቸውን እየጠረጉ። «ጨርሰነዋል።»

«ምኑን ጨረሱት እትዬ?»

«ማልኩልሻ! ሙዲሩ ዘንድ ገብቼ፣ ወንጌሌን ይዤ። ‹ሴት ናት፤ ወልዳም ታውቃለች፤ ልጇን ወባ ገደለባት› አልኩት።»

ትንሣኤ የሽቦውን ቀዳዳ ያዘች። «ወልዳ?»

«ምን ላድርግ! አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ አፌ አልቆም አለኝ።»

«ስም ሁሉ አወጣችለት፤» አለች ናርዶስ። «ምስጋናው አለችው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ላለቅስ ነበር።»

ትንሣኤ ሳቅ አመለጣት። ካፏ ሲወጣ ግን እንደ ሳል ሆነ። «ሙዲሩስ ምን አለ?»

ናርዶስ ወደ እትዬ ሙላቷ አየች። እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት ማየት ሲጀምሩ ራሷ ተናገረች። «‹ጠይብ› አለ፤ ‹እሺ፣ እሑድ ሐኪም አመጣለሁ። የወለደች ከሆነች ሴት ናት። ካልወለደች ወንድ ነው፤ የዋሸችውም ሴትዮ አብራ ትታሰራለች› አለ።»

ትንሣኤ ግንባሯን ሽቦው ላይ አሳረፈች። ሊያድናት የመጣው መሸፈኛ አፏ ላይ ተጣለ። እስከ ትናንት አንድ ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን በወንጌል የተማለበት ውሸት ሆነ። ሐኪሙ አንዴ ሲያያት አልወለደችም ይላል፤ አልወለደችም ካለ ወንድ ናት፤ ወንድ ከሆነች መኪናው በር ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ሄደው ይንገሩት። እውነቱን።»

«እውነቱን? ጉድሽን አደባባይ ላውጣው? ይህን ሁሉ ዓመት ሸፍኜ፣ ማኅበርተኛ ሳይሰማ፣ ንስሐ አባቴ እንኳ ሳይሰሙ! ነገ ከነገ ወዲያ ስትወጪ በየት በኩል ቀና ብለሽ ልትሄጂ ነው?»

«ሸፍነውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ፤ እናቴም ከዚህ የበለጠ አላደረገችልኝም። አሁን ግን ከሽፋኑ ሥር አየር አጠረኝ እትዬ።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሰሃኑን በጠባቂዋ በኩል አስገቡላት። ሲሄዱ መቋሚያ እንደሌለው ሰው ናርዶስን ተደግፈው ነበር።

በዚያኑ ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሐጃ በቱል የመጠጥ ውሃ ይዛ መጣች። ሐጃ በቱል ከጠባቂዎቹ ሁሉ ትልቋ ናት፤ ጡረታዋ ደርሷል ይባላል። ውሃውን ከበሩ ሥር አስቀምጣ ሄድ አለችና ምንጣፏን ከመጋዘኑ ጥላ ዘርግታ ሰገደች። ትንሣኤ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። የሚጸልይን ሰው ማቋረጥ በእሷም ቤት ነውር ነው።

«ሐጃ።»

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ቀሚሱን ለማታለል አልለበስኩትም። የተወለድኩት እንዲህ ሆኜ ነው።»

ሐጃ በቱል ምንጣፏን ማጠፍ አቆመች። ትንሣኤም፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተናገረች። አዋላጇን፣ ዝም ያሉትን ሴቶች፣ በአርባና በሰማንያ የተጣሉትን አባትና እናቷን ተረከች። ያደገው ጡቷንም፣ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ያልመጣላትንም፣ ከታች ያለውንም ነገረቻት። ዐረብኛዋ የጠፋባትን በምልክት ሞላችው። አሮጊቷ በበሩ ሌላ ወገን ቁጭ ብላ ሰማች። ሲያልቅ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«ታዲያ ምነው እስካሁን አልተናገርሽም፣ ያ ቢቲ?»

«ልጄ» ማለቷ ነው፤ ለሴት ልጅ የሚባለውን። ትንሣኤ ይህን ሰማችና ዐይኗ ሞላ።

«እኛ መንደር፣ ሸንዲ አጠገብ፣ እንዳንቺ ያለች ነበረች፤» አለች ሐጃ በቱል። «ኹንሳ ናት፣ ከወንድም ከሴትም ያላት፣ አላህ እንዲህ ፈጥሯታል አልን። ስታድግ የት ቆማ ትስገድ የሚል ነገር ተነሣ። ሽማግሌው ሼኻችን ከወንዶቹ ረድፍ በኋላ፣ ከሴቶቹ ረድፍ በፊት ለብቻዋ አቆሟት። እሳቸው የፈጠሩት ነገር አይደለም፤ በጥንቶቹ መጻሕፍት ያለ ነው። እስክትሞት ድረስ ከዚያ ቦታ ያስነሣት አልነበረም።»

«ቦታ ነበራት?»

«ነበራት እንጂ! ዘግይታ ብትመጣ እንኳ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል።»

ትንሣኤ ስለ ኒም ዛፏ አሰበች። እሷ ራሷን ደጅ ያቆመችበትን ዘመን ሁሉ እግዚአብሔር የት እንዳለች ያውቅ እንደነበር ታምናለች፤ ቦታ ይሰጣታል ብላ ግን ጠይቃው አታውቅም።

«ሙዲሩ ደረቅ ነው፤ ክፉ ግን አይደለም፤» አለች ሐጃ በቱል እየተነሣች። «የታለልኩ ሲመስለው ነው የሚያብደው። ልናገርልሽ? ካልፈቀድሽ አልናገርም።»

«ራሴ እናገራለሁ። አጠገቤ ይቁሙልኝ እንጂ።»

እሑድ ጠዋት መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወደ ቢሮው አገቧት። ማራገቢያው ይንቀጫቀጫል። ሙዲሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሐኪሙ፣ አንድ ዝምተኛ ሰው፣ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሐጃ በቱል በሩን ዘግታ የሚያጮልቁትን ወጣት ጠባቂዎች አስቀረች። ትንሣኤ አፏን ልትከፍት ስትል በሩ ተንኳኳና እትዬ ሙላቷ ከነናርዶስ ገቡ። ከቅዳሴ አቋርጠው ነው የመጡት፤ ነጠላቸው አሁንም መስቀለኛ ነው።

«ንገሪው፤» አሉ ናርዶስን፣ ቆመው። «ከትናንት ወዲያ በወንጌል የማልኩት ውሸት ነው በይው። አልወለደችም። ምስጋናው የሚባል ልጅ የለም።»

ናርዶስ ተረጎመች። ሙዲሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «በመጽሐፋችሁ ዋሽታችሁ! ታዲያ ወንድ ነዋ!»

«አይደለሁም፤» አለች ትንሣኤ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተቋረጠም። «እሳቸው የዋሹት እኔን ለመሸፈን ነው። እኔም እስካሁን ዝም ያልኩት በሐፍረት ነው። አንተን ለማታለል አይደለም።» ከዚያም ለሐጃ በቱል የነገረቻትን አሳጥራ ነገረችው። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ቀለል ይላል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

ሐጃ በቱል የመንደሯን ነገር ጨመረች። ሙዲሩ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ንዴቱ ሲወርድለት ከሥሩ የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

«ይህንን አባቴ ከመጻሕፍቱ ሲያነብ ሰምቻለሁ፤» አለ በመጨረሻ። «ግን ሐጃ፣ እኔ ሁለት በር ነው ያለኝ። የወንድና የሴት። በመካከል በር አልሠሩልኝም። ወንዶቹ ዘንድ ብልካት ነገ አስከሬን ይመልሱልኛል። ሴቶቹ አዳራሽ ብመልሳት ግቢው ይረበሻል። የት ላድርጋት?»

«እሷን ጠይቃታ።»

ሙዲሩ የማይገባ ቀልድ የሰማ መሰለው። ከዚያ ግን፣ ምናልባት ሌላ ስለጠፋው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። «የት ብትሆኚ ነው የምትድኚው?»

ትንሣኤ የት እንደምትቆም፣ ምን እንደምትለብስ፣ ስንት ቀን ተጠብቃ እንደምትጠመቅ ሌሎች ሲመክሩ ኖረዋል። እሷን የጠየቀ አልነበረም። እትዬ ሙላቷ ከኋላዋ «ተናገሪ እንጂ ልጄ» ብለው ሹክ አሉ።

«ከሴቶች ወገን፤» አለች። «ለብቻዬ በምታጠብበትና በሩ ከውስጥ በሚዘጋ ክፍል። ሐኪምም ማየቱ ግድ ከሆነ ሴት ትየኝ፤ ሰው ሳይሰበሰብብኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከውስጥ የሚዘጋ በር!» ሙዲሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረውም። «እመቤቴ፣ ይህ እስር ቤት ነው። ከውስጥ የሚዘጋ በር ቢኖረኝ እኔው ገብቼ እተኛበት ነበር።»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሕክምና ክፍሉ ጀርባ የተሰበሩ አልጋዎች የተከመሩበት ጠባብ ክፍል እንዳለ አስታወሰ፤ ባልደረባው የሆነች ሴት ሐኪም በሳምንቱ ውስጥ እንደምትመጣም ተናገረ። ቁልፉን ሐጃ በቱል ትያዝ ተባለ። ቀን ቀን በሩ ክፍት ይሁን፣ ሌሎቹ እንቅልፍ በሚጥላቸው የቀትር ሰዓት ትታጠብ ተባለ። ሙዲሩ ለመኪናው ሹፌር በመስኮት «የሚወሰድ የለም፣ ሂድ» ብሎ ጮኸ። ነፃ አልወጣችም፤ የኢቃማው ነገር እንዳለ ነው፤ ወደ አገሯ ይመልሷት ይልቀቋት ገና አልታወቀም። መኪናው ግን ባዶውን ሄደ።

«አንቺ ደግሞ፣» አለ ወደ እትዬ ሙላቷ ዞሮ፣ «ሂጂ ከፊቴ። ሁለተኛ በሰው ስም ልጅ እንዳትወልጂ።»

ናርዶስ ስትተረጉመው እትዬ ሙላቷ ከት ብለው ሳቁ። ወዲያውም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

በሚቀጥለው ዓርብ ብቻቸውን መጡ። ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረዋል።

«ንስሐ አባቴ ስለ መሐላው ስግደት ሰጡኝ፤ ብዙ ነው። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ወደ ታች ስወርድ ማርያምን አመሰግናለሁ፣ ወደ ላይ ስነሣ አንቺን እረግማለሁ።»

«ይርገሙኝ እትዬ። ማኅበሩስ?»

አሮጊቷ የጉልበታቸውን ጨርቅ አጠበቁ። «ሰምተዋል። ከማኅበሩ የቀሩ አሉ። ‹እንዴት ሳትነግሪን› ያለችኝም አለች። ማኅበርተኛችን ስንቅነሽ ግን ያንቺን የድግስ ተራ እኔ አወጣለሁ ብላ ይህን ጋገረች።» የማኅበሩን ዳቦ ቁራሽ አወጡ፤ ጠርዙ ትንሽ አሯል። «ስትወጪ የት እንደምትቆሚ ቄሱን እጠይቃለሁ ብያለሁ። ካልፈቀድሽ ግን አልጠይቅም።»

ትንሣኤ ዳቦውን ተሳልማ ተቀበለች። «ይጠይቁ፤» አለች።

በአዳራሹ ግን ነገሩ ገና አልበረደም። አንዳንዶቹ ሴቶች በክፍሏ በር ሲያልፉ ይተፋሉ። ከአል-ጣኢፍ የመጣችው ቤቲ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጎኗ የተኛችው፣ ዐይኗን ሰብራ ታልፋለች። ትንሣኤ አትቀየማትም፤ እሷም ራሷን ለመልመድ ስንት ዘመን ፈጅቶባታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የበሩ ብርሃን በድንገት ጠፋ። ቀና ስትል ኩቺ በሩን ሞልታ ቆማለች። በአንድ ወገን ሹሩባው ወደ አንገቷ ወርዷል፤ በሌላው ወገን ፀጉሯ እንደ ተናደደ ድመት ቆሟል።

«ይህን ሁሉ ቀን እንዲህ ሆኜ ስዞር!» አለች። «እየሳቁብኝ እኮ ነው። ሕፃናቱ እንኳ ‹ግማሿ መጣች› ይሉኛል። ያቺ ጠባቂ ደግሞ ወደዚህ እንዳላልፍ ከለከለችኝ፤ እስክትሰለች ድረስ ጮህኩባት።»

«አልፈራሽም? ወንድ ነው ይሉሽ የለ?»

«ይላሉ።» ኩቺ በተሰበረው አልጋ ብረት ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። «ማዮ ውስጥ ወንድ ነኝ የሚል ሞልቷል፤ አንዱም ሹሩባ አይችልም። ጨርሺልኝ።»

ትንሣኤ ጨረሰችላት። እጇ የቆየ ሥራውን አስታወሰ። የመጨረሻውን ጉንጉን ስታስር ኩቺ ራሷን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ያንቺን ግን የሚሠራልሽ የለም፤» አለች። ዞራ አየቻት። «ስንት ጊዜሽ ነው ሰው ካልነካሽ? ቁልፍልፍ ብሏል።»

«እኔ ራሴን ነው የምሠራው።»

«ከኋላ አይታይሽማ። ነይ፣ ዙሪ።»

«ትችያለሽ?»

«አልችልም። ዙሪ አልኩሽ።»

ትንሣኤ ወለሉ ላይ ወርዳ ፊቷን ወደ ግቢው፣ ጀርባዋን ለኩቺ አድርጋ ተቀመጠች። የኩቺ ጣቶች ወፍራምና ሥራውን ያልለመዱ ነበሩ፤ ይጎትታሉ፣ ያማሉ። ከግቢው ማዶ ሐጃ በቱል ምንጣፏን ልታነጥፍ ጥላ ትፈልጋለች።

«እናቴ ጭልጋ ሳለን፣» አለች ትንሣኤ፣ «ፀጉሬን ስትሠራልኝ ሁልጊዜ...»

«ቀና በይ፤ እሰማሻለሁ፤» አለች ኩቺ።